ዞራ ዞራ

ሴቬሮ ኮልኬ የሌሊት ሹፌር ነው፣
መንገዱን በወገቡ፣ በመዳፉ የሚያውቀው።
አታካማ በረሃ፣ ዝናብ የረሳው አገር፣
ከባሕሩ በላይ አምስት ሺህ ሜትር፣
ትልቁ መነጽር አፉን ከፍቶ ሲያድር፣
ሽቅብ ያወጣቸዋል፣ ቁልቁል ይመልሳቸዋል
ተመራማሪዎቹን። ሲቀልድ እንዲህ ይላቸዋል፦
"ኮከብ ቆጣሪዎች፣ አላለቀም ቆጠራው?"

ከሦስተኛው ኩርባ በላይ ትልቁ መብራት ክልክል ነው።
የመኪና ጮራ ሰማዩን ያቆሽሻል፤
ስለዚህ በትንሿ፣ በብርቱካን ጭላንጭል፣
ገደሉን በግራ ትቶ እየዳበሰ ያልፋል።

ያን ሳምንት ከደቡብ የመጣች ተማሪ፣
ኖኤልያ ሪኬልሜ፣ ዓይኗ ብቻ ተናጋሪ፣
የጠፋች ጨረቃ ልትፈልግ ነው የመጣች፤
ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት ታይታ የነበረች፣
ሦስት ሌሊት ብቻ። ከዚያ ሰማዩ ዳመነ፣
የፈላጊዋ በጀት አለቀ፣ ገንዘቡ በነነ፣
ስሌቱ ተንሻፈፈ፤ ነጥቧ ከነጥብ ተደባለቀች፣
ጠፋች።
ጠፋች ሲባል ግን፣ አለች!
እኛ ነን እንጂ የጠፋነው ከእሷ፣
እሷማ መዞሯን መች ትታ ለራሷ።

ጨረቃ ሲባል ሴቬሮ የመሰለው
ያቺ የምናውቃት፣ ክቧ፣ ፊቷ የሞላው፤
"አይደለችም" አለችው፣ ድንች አነሣችለት
ከማዕድ ቤት ጆንያ፣ ጎባጣ፣ እባጭ ያለበት፤
"ይህን ትመስላለች። ወርዷ ሦስት ኪሎ ሜትር፣
ከሰፈርዎ አትበልጥም፣ ቢሄዱባት በእግር።

"የጁፒተር ልጆች፣ አራቱ ትላልቆች፣
ከደጁ የማይርቁ፣ የቤት ተወላጆች፣
በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ፊት ይሽከረከራሉ፤
ሰዓት ቢሞሉባቸው ይታመናሉ።
መጤ ናት ይቺ ግን፤ ማን ያውቃል አገሯን?
ስታልፍ ተይዛ ነው የረሳችው በሯን።
ሁሉ በቀኝ ሲዞር በግራ ትዞራለች፣
ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዙር ትገፋለች፣
መንገዷ ተንጋዶ፣ ምኅዋሯ ተጣሞ፣
ፀሐይም ከወዲያ ሲጎትታት ደግሞ።"

ሴቬሮ ዝም አለ። ሻዩን አማሰለ።
ስምንት ሌሊት ላይ፣ ስድስት ቀን ታች እያለ
ዐሥራ ሁለት ዓመቱ።
ሰው ሲነቃ ይተኛል፣ ሰው ሲተኛ ይነቃል፤
ቶኮናኦ፣ መንደሩ፣ በጀርባው ያውቀዋል።

በስምንተኛው ሌሊት ነፋሱ ሲያርፍላቸው
ሦስት ምስል አነሡ፣ አንድ አንድ ሰዓት በመሃላቸው።
ከዋክብቱ አልተነቃነቁም፣ ቆሙ በያሉበት።
እሷ ብቻ፣
ከሩዝ ፍሬ ስባሪ፣ ከዚያም ያነሰች፣
ከምስል ወደ ምስል ትንሽ ፈቀቅ አለች።

ኖኤልያ አልጮኸችም። ጥፍሯን ነከሰች፤
"ይምጡ እስቲ፣ ይዩልኝ" አለች።
አየ። የመስተዋቱ ትቢያ መስላው ነበር፣
በእጅጌው ሊጠርጋት ምንም አልቀረው ነበር።
"ስሟስ?"
"የላትም። ፊደልና ቁጥር።"
"ታዲያ በምን ጠሯት ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ?"
"ማንም አልጠራትም።"
"እንግዲያው ቀረች እንጂ ጠፋች አትበሉ።"

*ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት።*
ይህን የተረተ ሰው አላየም የእሷን ዕለት።
ዞራ፣ ዞራ፣ ዞራ፣ ያው መዞር ነው ቤቷ፤
መሬት የላት ከኋላ፣ ደጅ የላት ከፊቷ።

ሲነጋጋ ሴቬሮ መኪናውን ነዳ፣
ከበረዶው ጠርዝ ወደ ጨዉ ሜዳ።
ኮከብ ቆጣሪዎቹ ከኋላ ተኝተዋል፣
አንገታቸው ተሰብሮ ያንኮራፋሉ።
የመዳብ ሠራተኞች አውቶቡስ ሽቅብ ይመጣል፤
እሱ ቁልቁል።
መብራት ያበሩለታል። ያበራላቸዋል።

በነጩ ደወል ቤት፣ በድንጋዩ ጥላ፣
ልጁ ኢሲዶራ፣ ቦርሳዋን አዝላ፣
ትምህርት ቤት ልትሄድ ከጥግ ብቅ ብላ፣
"ዛሬ ዘገየህ" አለችው፤
የያዘችውን ዳቦ ገምሳ ሰጠችው።
"አንዲት ነጥብ ይዛን ነው።"
"የምን ነጥብ?"
"የድንች።"
ሳቀች። ደወሉ ጮኸ። ሮጠች።

እሱም በሌላ ፊት፣ መጋረጃ ሊዘጋ፣
ሊተኛ ገባ፣ መንደሩ ሲነጋ።
ድንቿን ከኪሱ አውጥቶ መስኮት ላይ አኖራት፣
ማንም እንዳይነካት፣ ማንም እንዳይልጣት።

በስድስተኛው ቀን፣ ሊወጣ ሲነሣ፣
ጫማውን ሲያስር፣ ቀና ብሎ አያት፤
ሳትዘራ፣ ውኃ ሳታይ፣ ማንም ሳይጠራት፣
ዓይን አውጥታለች።